ዋና የምርት መርሐ ግብርና የግብዓት ፍላጎት ዕቅድ፦ በሰሜን ሸዋ አምራቾች ዘንድ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ ብርድ ልብስ፣ ዱቄት፣ ቢራ፣ አልባሳትና የቤት ዕቃ የሚያመርቱ ድርጅቶች ስለ ምርት ዕቅድ የሚያነሷቸው ጥያቄዎች በአብዛኛው ይመሳሰላሉ። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በዕቅድ፣ በግዥ፣ በመጋዘንና በሽያጭ ክፍል ለሚሠሩ ባለሙያዎች የተዘጋጁ ናቸው። በምሳሌነት የሚቀርበው አነስተኛ የብርድ ልብስ ፋብሪካ፣ ከነቁጥሮቹ፣ ለማስረዳት ብቻ የታሰበ ነው።

ዋና የምርት መርሐ ግብር ምንድን ነው? ከዓመታዊ ዕቅድና ከሽያጭ ትንበያስ በምን ይለያል?

ዋና የምርት መርሐ ግብር፣ በባለሙያዎች አጠራር ኤም ፒ ኤስ፣ ፋብሪካው የትኛውን ያለቀለት ምርት፣ በምን ያህል ብዛት፣ በየትኛው ሳምንት አጠናቆ እንደሚያወጣ የሚወስን ሰነድ ነው። ዓመታዊ ዕቅድ የሚናገረው በጥቅል ነው፤ «በበጀት ዓመቱ 10,000 ብርድ ልብስ እናመርታለን» ሲል ለአንድ ሰው የሚሆነው ስንት፣ ለሁለት ሰው የሚሆነው ስንት፣ ቡናማው ስንት፣ ሰማያዊው ስንት እንደሆነ አይነግረንም፤ በዚህ ቁጥር ደግሞ ጥሬ ዕቃ ማዘዝ አይቻልም፤ ለቡናማው የተገዛ ቀለም ለሰማያዊው አይሆንምና። የሽያጭ ትንበያ በበኩሉ ገበያው ሊጠይቅ ይችላል ተብሎ የሚታሰበውን ይገልጻል እንጂ ፋብሪካው ምን ለማድረግ እንደ ወሰነ አይገልጽም።

መርሐ ግብሩ ውሳኔ ነው። ትንበያውን፣ በእጅ ያለውን ትእዛዝ፣ በመጋዘን ያለውን ክምችትና የማሽኖቹን አቅም አንድ ላይ አይቶ «ይህን እናደርጋለን» የሚል በመሆኑ የምርት፣ የሽያጭና የፋይናንስ ኃላፊዎች ሊፈርሙበት ይገባል። በብዙ ድርጅቶች መርሐ ግብር ተብሎ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ግን የሽያጭ ክፍሉ ምኞት ብቻ ሆኖ ይገኛል። ማሽኑ በሳምንት 500 እያወጣ ወረቀቱ 800 ቢል ምርቱ 800 አይሆንም፤ ለ800 የሚበቃ ጥሬ ዕቃ ግን ይገዛል፤ የ300ውም ገንዘብ መጋዘን ውስጥ ይተኛል።

የግብዓት ፍላጎት ዕቅድስ? እኛ የምናዝዘው ክምችቱ ከተወሰነ መጠን ሲወርድ ነው፤ ይህ ምን ጉድለት አለው?

የግብዓት ፍላጎት ዕቅድ ወይም ኤም አር ፒ፣ መርሐ ግብሩ ላይ የተጻፈውን ያለቀለት ምርት ወደ ክፍሎቹ ዘርዝሮ እያንዳንዱ ግብዓት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ፣ መቼ እንደሚያስፈልግ፣ ስለዚህም መቼ መታዘዝ እንዳለበት ወደ ኋላ እየቆጠረ የሚያሰላ ዘዴ ነው። ለሠርግ ጠላ የምትጠምቅ እናት ጥንስሱን የምትጀምረው ከሠርጉ ቀን ወደ ኋላ ቆጥራ ነው፤ ስሌቱ ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ልዩነቱ ዕቃው መብዛቱና ደረጃው መደራረቡ ነው።

ዘዴውን በዘመናዊ መልኩ ያደራጀው የአይ ቢ ኤም ባለሙያ የነበረው ጆሴፍ ኦርሊኪ ሲሆን፣ የአሜሪካው ብላክ ኤንድ ዴከር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1964 በሥራ ላይ በማዋል ቀዳሚ ሆኗል። ከዚያ በፊት ክምችት የሚመራው በአብዛኛው እንደገና በማዘዣ ነጥብ፣ ማለትም ክምችቱ ከእሱ ሲወርድ በሚታዘዝበት መጠን፣ እንዲሁም በአንድ ጊዜ ስንት ማዘዝ እንደሚያዋጣ በሚያሰላውና ፎርድ ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1913 ባቀረበው የኢኮኖሚያዊ ትእዛዝ መጠን ቀመር ነበር። ኦርሊኪ ያጎላው ነጥብ ፍላጎት ሁለት ዓይነት መሆኑን ነው። የብርድ ልብሱ ፍላጎት ከገበያ ስለሚመጣ ይተነበያል፤ የድሩ፣ የማጉ፣ የጠርዝ ጨርቁና የካርቶኑ ፍላጎት ግን ከብርድ ልብሱ ብዛት የሚወለድ በመሆኑ ይሰላል እንጂ አይተነበይም።

ጉድለቱ በቁጥር ሲታይ ግልጽ ነው። ለአንድ ብርድ ልብስ 3.2 ሜትር የጠርዝ ጨርቅ ያስፈልጋል እንበል፤ የማዘዣ ነጥቡም 1,000 ሜትር ነው። በመጋዘን 1,100 ሜትር ስላለ ማንም አያዝዝም። በሚቀጥለው ሳምንት 600 ብርድ ልብስ ወደ ስፌት ሲገባ በአንድ ጊዜ 1,920 ሜትር ይጠየቃል፤ ሥራውም ይቆማል። የማዘዣ ነጥብ የሚያገለግለው ፍጆታው ከቀን ወደ ቀን ለተመጣጠነ ዕቃ ነው፤ ለማሽን ዘይት፣ ለሳሙናና ለጽሕፈት መሣሪያ ዛሬም ከእሱ የተሻለ ዘዴ አያስፈልግም።

መርሐ ግብሩ በቁጥር እንዴት ይዘጋጃል?

ፋብሪካው 300 ያለቀለት ብርድ ልብስ በእጁ አለው። ትንበያው በየሳምንቱ 200 ነው። የተረጋገጠ ትእዛዝ ለ1ኛው ሳምንት 250፣ ለ2ኛው 180፣ ለ3ኛው 120፣ ለ4ኛው 40 ተመዝግቧል። አንድ ጊዜ ሽመናው ከተዘጋጀ የሚመረተው 600 ነው። በየሳምንቱ ከትንበያውና ከትእዛዙ የሚበልጠውን እንወስዳለን፤ ሁለቱን መደመር ግን የተለመደ ስሕተት ነው፤ ትእዛዙ ትንበያው ውስጥ የታሰበው ሽያጭ እየተፈጸመ መሆኑን የሚያሳይ ነውና።

በ1ኛው ሳምንት 250 ወጥቶ 50 ይቀራል። በ2ኛው ሳምንት 200 ስለሚፈለግ ክምችቱ አይበቃም፤ ስለዚህ 600 ብርድ ልብስ በ2ኛው ሳምንት መጠናቀቅ አለበት፤ መጨረሻ ላይ 450 ይቀራል። በ3ኛው ሳምንት 250፣ በ4ኛው 50 ይሆናል። በ5ኛው ሳምንት እንደገና ስለሚጎድል ሌላ 600 ይያዛል፤ በሳምንቱ መጨረሻ 450፣ በ6ኛው ደግሞ 250 ይገኛል። መርሐ ግብሩ እንግዲህ ሁለት መስመር ብቻ ነው፦ 600 በ2ኛው ሳምንት፣ 600 በ5ኛው ሳምንት።

ከሸዋ ሮቢት ወይም ከደሴ ነጋዴ ደውሎ «በ3ኛው ሳምንት 300 ብርድ ልብስ ትሰጡኛላችሁ?» ቢለን ምን እንመልስ?

በ3ኛው ሳምንት መጨረሻ 250 ይቀራል ተብሎ ስለታቀደ ብዙዎች «አይበቃም» ይላሉ፤ ወይም ደንበኛው እንዳይቀየም ሳያሰሉ «እሺ፣ ችግር የለም» ይሉታል። ትክክለኛው መልስ የሚገኘው ለማንም ቃል ያልተገባበትን ብዛት በመቁጠር ነው። በ1ኛው ሳምንት ከ300 ክምችት 250 ቃል ስለተገባበት ነጻው 50 ነው። በ2ኛው ሳምንት ከሚወጣው 600 ላይ እስከ 5ኛው ሳምንት ድረስ የተመዘገቡት ትእዛዞች፣ ማለትም 180፣ 120 እና 40፣ በድምሩ 340፣ ሲቀነሱ ነጻው 260 ነው። 50ና 260 አንድ ላይ 310 ስለሚሆኑ ለነጋዴው 300 መስጠት ይቻላል። ከዚያ በኋላ እስከ 5ኛው ሳምንት ድረስ ለአዲስ ገዢ የሚቀረው 10 ብቻ ነው፤ ቀጥሎ ስልክ የሚያነሳው የሽያጭ ሠራተኛም ይህን ቁጥር ከፊቱ ሊያየው ይገባል። ሁለት ሠራተኞች አንዱን ክምችት ለሁለት ሰው የሚሸጡት ይህ ቁጥር በአንድ ቦታ ስለማይጻፍ ነው።

ኤም አር ፒ ከዚህ መርሐ ግብር ተነሥቶ እንዴት ወደ ግዥ ይደርሳል?

ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል፦ መርሐ ግብሩ፣ የግብዓት ዝርዝሩና የክምችት መዝገቡ። የ2ኛው ሳምንት ምርት ግብዓቱ ቀድሞ ወጥቶለታል ብለን በ5ኛው ሳምንት የሚጠናቀቀውን 600 እንከተል።

ሽመናና ማጠናቀቂያ አንድ ሳምንት ስለሚወስዱ የማጉ ክር በ4ኛው ሳምንት መገኘት አለበት። ለአንድ ብርድ ልብስ 1.6 ኪሎ ማግ ስለሚገባ ጥቅል ፍላጎቱ 960 ኪሎ ነው። በመጋዘን 420 ኪሎ አለ፤ ከዚህ ውስጥ 60 ኪሎው የማይነካ መጠባበቂያ ነው፤ ስለዚህ ለሥራ የሚውለው 360፣ የተጣራው ፍላጎት ደግሞ 600 ኪሎ ይሆናል። መፍተሉ አንድ ሳምንት ስለሚፈልግ ትእዛዙ ወደ ፈትል ክፍል በ3ኛው ሳምንት ይወጣል። ለአንድ ኪሎ ክር 1.1 ኪሎ የታጠበ ሱፍ ስለሚያስፈልግ በዚያው ሳምንት 660 ኪሎ ይጠየቃል። በእጅ 250 ኪሎ አለ፣ ከመንዝ በ2ኛው ሳምንት እንዲደርስ የታዘዘ 200 ኪሎ አለ፤ የሚጎድለው 210 ኪሎ ነው። ከሰብሳቢ ገዝቶ፣ ከመሐል ሜዳ አስጭኖ፣ አጥቦና አድርቆ ለማዘጋጀት ሁለት ሳምንት ስለሚፈጅ ትእዛዙ መውጣት ያለበት በ1ኛው ሳምንት ነው፤ ማለትም ዛሬ። በ5ኛው ሳምንት ለሚጠናቀቅ ብርድ ልብስ የግዥ ሠራተኛው ዛሬ መነሣት እንዳለበት ከመርሐ ግብሩ ላይ በዓይን ማየት አይቻልም፤ ስሌቱ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ጠርዝ ጨርቁ ቀላል ነው፦ ከ1,920 ሜትር ላይ 1,100 ተቀንሶ 820 ይጎድላል፤ የአዲስ አበባው አቅራቢ በ500 ሜትር ጥቅል ስለሚሸጥ ሁለት ጥቅል በ3ኛው ሳምንት ይታዘዛል፤ የሚተርፈው 180 ሜትር ለሚቀጥለው ዙር ይያዛል። ካርቶን ለአሥር ብርድ ልብስ አንድ ነው፤ 60 ይፈለጋል፣ 75 አለ፣ ምንም አይታዘዝም።

በማጠብና በመፍተል የሚባክነውን እንዴት እናካትት?

የሱፉን ምሳሌ እንቀጥል። 100 ኪሎ ጥሬ ሱፍ ቅባቱ፣ አፈሩና ቆሻሻው ሲወጣ 70 ኪሎ ንጹሕ ሱፍ ይሰጣል እንበል። የሚጎድለው 210 ኪሎ ንጹሕ ሱፍ ስለሆነ ብዙ ሰው 30 በመቶ ጨምሮ 273 ኪሎ ጥሬ ሱፍ ያዝዛል። ይህ 273 ኪሎ ሲታጠብ ግን የሚሰጠው 191 ኪሎ ብቻ ነው። ትክክለኛው ስሌት ማካፈል ነው፦ 210 ለ0.70 ሲካፈል 300 ኪሎ። ብክነቱ ትንሽ ሲሆን ልዩነቱ አይታይም፤ ብክነቱ እየጨመረ ሲሄድ ግን ሥራ የሚያስቆም ይሆናል።

መርሐ ግብሩ ስንት ሳምንት ወደ ፊት ማየት አለበት?

ቢያንስ ረጅሙ የግብዓት መንገድ የሚፈጀውን ጠቅላላ ጊዜ መሸፈን አለበት። ማቅለሚያው ከውጭ የሚመጣና 16 ሳምንት የሚፈጅ ከሆነ፣ መፍተሉ አንድ፣ ሽመናው አንድ ሲጨመር 18 ሳምንት ይሆናል። የ12 ሳምንት መርሐ ግብር የያዘ ፋብሪካ ማቅለሚያውን ሁልጊዜ የሚያዝዘው ከዘገየ በኋላ ነው። በዚህ ምሳሌ 26 ሳምንት መያዝ ተገቢ ነው፤ የሩቆቹ ሳምንታት ግምታዊ ቢሆኑም ለረጅም ጉዞ ግብዓት ያገለግላሉ።

ሥራ አስኪያጁ በየቀኑ መርሐ ግብሩን ያስለውጣሉ። ምን ማድረግ ይቻላል?

መርሐ ግብሩ በሦስት ክልል መከፈል አለበት። የቅርቡ ክልል፣ ለምሳሌ እስከ 3ኛው ሳምንት ያለው፣ የታሰረ ነው፤ ክሩ ተፈትሏል፣ ሸማኔው ድሩን አድርቷል፤ ያለ ከፍተኛ ኃላፊ ፊርማ አይነካም። መካከለኛው ክልል፣ እስከ 10ኛው ሳምንት፣ በግብዓቱና በአቅሙ ልክ በዕቅድ ክፍሉ ሊስተካከል ይችላል። ከዚያ ወዲያ ያለው ነጻ ነው።

የታሰረ ማለት ፈጽሞ አይለወጥም ማለት አይደለም። አንድ የዕርዳታ ድርጅት 1,000 ብርድ ልብስ በአሥር ቀን ውስጥ ቢጠይቅ ትእዛዙን መቀበል ለፋብሪካውም ለተረጂውም ሊጠቅም ይችላል። የዕቅድ ባለሙያው ሥራ «አይቻልም» ማለት ሳይሆን፣ የዚህ ለውጥ ዋጋ ምን እንደሆነ በአንድ ገጽ ጽፎ ማቅረብ ነው፦ የትኛው ደንበኛ በስንት ሳምንት ይዘገያል፣ የተጀመረው ድር ምን ይሆናል፣ ትርፍ ሰዓቱ ስንት ብር ነው፣ ከሌላ ምርት የሚወሰደው ክር መቼ ይተካል። ይህን ያነበቡ ሥራ አስኪያጅ አንዳንዴ ይፈርማሉ፣ አንዳንዴም ሐሳባቸውን ይለውጣሉ፤ ሁለቱም ተገቢ ውሳኔ ነው። ጥፋቱ ለውጡ በስልክ ታዝዞ ዋጋው ከወር በኋላ በሽያጭ ቅሬታ መልክ ሲታወቅ ነው። በታሰረው ክልል ውስጥ የሚደረግ ትንሽ ለውጥ በኤም አር ፒ በኩል ሲያልፍ ወደ ታች እየጎላ ስለሚሄድ፣ ከላይ የ50 ብርድ ልብስ ለውጥ ከታች ሙሉ ጥቅል ጨርቅና ሙሉ ጭነት ሱፍ ሊያስሰርዝ ወይም ሊያስጨምር ይችላል።

ከውጭ የሚገባ ግብዓት መቼ እንደሚደርስ አይታወቅም። ታዲያ ዕቅዱ ምን ይጠቅመናል?

የመድረሻ ጊዜ አንድ ቁጥር ተደርጎ ሲያዝ በእርግጥ ከንቱ ይሆናል። ይልቁንም በክፍል በክፍል ተመዝግቦ መያዝ አለበት፦ ፕሮፎርማ ማሰባሰብ፣ የባንክ ሂደትና ኤል ሲ (ባንኩ ለአቅራቢው የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) መክፈት፣ የአቅራቢው የማምረቻ ጊዜ፣ የባሕር ጉዞ እስከ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ፣ የጉምሩክ ሥነ ሥርዓት፣ በመጨረሻም ወደ ደብረ ብርሃን የሚደረገው ጭነት። እያንዳንዱ ክፍል በየግዥው ስንት ቀን እንደፈጀ ቢጻፍ መዘግየቱ በአብዛኛው ከሁለት ወይም ከሦስት ቦታ እንደሚመጣ ይታያል፤ ድርጅቱ ሊያሳጥረው የሚችለው ክፍል፣ ለምሳሌ ፕሮፎርማው በራሱ ጠረጴዛ ላይ የሚተኛበት ጊዜ፣ አንዳንዴ ከመርከቡ ጉዞ ይረዝማል። የብር ምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ በፕሮፎርማው ቀንና በክፍያው ቀን መካከል ያለው ርቀት የዋጋም ጉዳይ ሆኗል።

መጠባበቂያው ሁለት ዓይነት ነው። ፍጆታው ወይም የሚደርሰው ብዛት የሚዋዥቅ ከሆነ በመጠን መጠባበቅ ይሻላል፤ ብዛቱ የታወቀ፣ ቀኑ ግን የማይታመን ከሆነ ትእዛዙን በጥቂት ሳምንታት ማስቀደም ይበቃል። ከውጭ የሚመጣው ማቅለሚያ በአብዛኛው ሁለተኛው ዓይነት ነው። ሊጠነቀቁለት የሚገባው በየደረጃው የሚደረገውን ድብቅ ጭማሪ ነው። ግዥው ሁለት ሳምንት ይጨምራል፣ ፈትሉ አንድ ሳምንት ይጨምራል፣ ሽመናው አንድ ሳምንት ይጨምራል፤ ድምሩ አንድ ወር የቆመ ገንዘብ ነው። መጠባበቂያ በታወቀ ቦታ፣ በታወቀ መጠን ይያዝ፤ ሌላው ሁሉ እውነተኛ ቀን ይሁን።

የመጋዘን መዝገባችን ከሞላ ጎደል ትክክል ነው። ይበቃል?

አይበቃም፤ ኤም አር ፒ በሚከሽፍባቸው ድርጅቶች ከሶፍትዌሩ ይልቅ ተጠያቂው ብዙውን ጊዜ ይህ «ከሞላ ጎደል» ነው። ለአንድ ምርት አሥር ግብዓት ያስፈልጋል፣ የእያንዳንዱ መዝገብም 95 በመቶ የመታመን ዕድል አለው እንበል። አሥሩም በአንድ ጊዜ ትክክል የመሆናቸው ዕድል 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። 98 በመቶ ሲሆን ወደ 82 በመቶ ይደርሳል። በሙያው በተለምዶ የሚጠቀሰው ዝቅተኛ ግብ ለክምችት መዝገብ 95፣ ለግብዓት ዝርዝር 98 በመቶ የሆነው በዚህ የተነሣ ነው።

ስሕተቱ የሚገባባቸው በሮች የታወቁ ናቸው። ዕቃው በሞዴል 19 (በገቢ ደረሰኙ) ገቢ ሆኖ ቢን ካርዱ፣ ማለትም የዕቃው መቆጣጠሪያ ካርድ፣ ላይ ሳይጻፍ ይውላል፤ የማታው ፈረቃ ክር ያለ ሞዴል 22 (ያለ ወጪ ደረሰኝ) ያወጣና ወረቀቱ በማግሥቱ ይሞላል፤ ጨርቁ በጥቅል ተገዝቶ በሜትር ወጥቶ በቁራጭ ይመለሳል። መጋዘን ጠባቂው «ጋሼ፣ ቁልሉ ሲታይ ለወሩ ይበቃል» ሲሉ የዕቅድ ክፍሉ ይህን ቁጥር ብሎ ይመዘግባል። ሱፍ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ሲነካ እርጥብ ሳይመስል ከክብደቱ እስከ 30 በመቶ የሚደርስ እርጥበት መያዝ ስለሚችል፣ በሐምሌ ጭጋግ የተመዘነ ቁልል በጥር ደረቅ ነፋስ እንደገና ሲመዘን ጎድሎ ይገኛል። መጋዘን ጠባቂውን ከመጠርጠር በፊት የመመዘኛው ወቅትና የእርጥበት ልኬት ይታይ፤ ግዥውም በእርጥብ ክብደት እንዳይከፍል ደንብ ይውጣለት።

መድኃኒቱ የሰኔ 30 ዓመታዊ ቆጠራ አይደለም። በየቀኑ ጥቂት ዓይነት ዕቃ በተራ መቁጠር፣ ውድና ፈጣን የሆኑትን ደጋግሞ መቁጠር፣ ልዩነት ሲገኝ ቁጥሩን ከማስተካከል በፊት ምክንያቱን መፈለግ ያስፈልጋል። ቁጥሩ ብቻ ከተስተካከለ ያው ስሕተት ተመልሶ ይመጣል።

ኤም አር ፒ የማሽን አቅምን ያያል?

መሠረታዊው ስሌት አያይም፤ አቅም ወሰን የለውም ብሎ ይነሣል። ስለዚህ መርሐ ግብሩ ከመጽደቁ በፊት ጠባቡ ማሽን ላይ ግምታዊ የአቅም ፍተሻ መደረግ አለበት። የብርድ ልብሱን ጸጉር የሚያወጣው ማሽን በሰዓት 15 ያወጣል፤ በሳምንት 48 መደበኛ የሥራ ሰዓት 720 ይሆናል። መብራት የሚጠፋበትና ማሽኑ ለጥገና የሚቆምበት ሲታሰብ ሩብ ያህሉ ቢባክን የሚቀረው 540 ነው። እንግዲህ ከላይ ያቀድነው 600 በአንድ ሳምንት አይወጣም። ምርጫው ከ5 ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ ትርፍ ሰዓት ማሠራት፣ ሥራውን በ4ኛው ሳምንት መጀመር ወይም ብዛቱን ወደ 540 ማውረድ ነው። በ4ኛው ሳምንት ከተጀመረ ክሩ ቀድሞ መድረስ ስላለበት የሱፉ ትእዛዝም ከዛሬ በፊት መውጣት ነበረበት፤ ስለዚህ በዚህ ዙር ትርፍ ሰዓቱ ይመረጣል።

እኛ የምናመርተው ዱቄት ወይም ቢራ ነው። ይህ ሁሉ ይመለከተናል?

ይመለከታል፤ ቅርጹ ግን ይለያያል። ዱቄት ፋብሪካ ብዙ ግብዓት ገጣጥሞ አንድ ምርት አያወጣም፤ ከአንድ ስንዴ ዱቄትም ፉርሽካም ያወጣል፤ ከ100 ኪሎ ስንዴ በግምት 75 ኪሎ ነጭ ዱቄት ሲገኝ ፉርሽካው ቢፈለግም ባይፈለግም ይመጣል። መርሐ ግብሩ የሁለቱንም መሸጫ ማየት አለበት፤ አለበለዚያ የከብት መኖ ገበያው ሲቀዘቅዝ ወፍጮው በፉርሽካ ቁልል ይታፈናል። በቢራ ደግሞ ጠባቡ ቦታ ብዙ ጊዜ መብላሊያና ማቆያ ጋኑ ነው፤ ቢራው በጋኑ ውስጥ ሳምንታት ስለሚቆይ መርሐ ግብሩ የሚሠራው ከጋን ባዶነት ተነሥቶ ነው። ጠርሙስና ሳጥንም በግብዓት ዝርዝር ውስጥ ይገባሉ፤ ከገበያ ተመልሰው የሚመጡ ስለሆኑ ለፋሲካ የሚሸጠው ቢራ በጾሙ ወራት በየግሮሰሪው ጓሮ በተቀመጠው ባዶ ጠርሙስ ይወሰናል።

በየትኛው የቀን አቆጣጠር እናቅድ?

በሳምንት ያቅዱ፤ በወር አይደለም። አሥራ ሁለቱ ወሮቻችን እኩል 30 ቀን ቢሆኑም ጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን በመሆኗ በወር የሚሠራ ሰንጠረዥ ላይ ወይ ትረሳለች ወይ እንደ ሙሉ ወር ትቆጠራለች። ሳምንታቱ ተከታታይ ቁጥር ይሰጣቸው፤ ከጎናቸው የኢትዮጵያውም የአውሮፓውም ቀን ይጻፍ። የጥምቀት ሳምንት፣ ከከተራው ጋር፣ የስድስት ቀን አቅም የለውም፤ የቻይና አቅራቢ ያለው ድርጅትም ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት አጋማሽ ባለው ጊዜ ውስጥ የሚውለውን የእነሱን አዲስ ዓመት በሰንጠረዡ ላይ ማስፈር አለበት።

ካይዘን እየተገበርን ነው። ከኤም አር ፒ ጋር አይጋጭም?

አይጋጭም። ካይዘን፣ ከጃፓን የመጣው የተከታታይ ማሻሻያ አሠራር፣ ዕቃን በቦታው ማስቀመጥ፣ ማጣራትና ምልክት ማድረግ ሲያስለምድ ከላይ የተነገረውን የመዝገብ ትክክለኛነት እያገዘ ነው። ካርድ እያሳዩ ከቀጣዩ ክፍል በሚመጣ ጥሪ ማምረት በፋብሪካው ወለል ላይ ከሽመና ወደ ስፌት ለሚሄደው ሥራ ተስማሚ ነው፤ አራት ወር ለሚፈጅ ማቅለሚያ ግን ካርድ ማሳየት አይሠራም፤ እዚያ ወደ ፊት አይቶ ማስላት የግድ ነው።

ኤክሴል ይበቃናል ወይስ ሶፍትዌር እንግዛ?

ምርቱ ጥቂት፣ የግብዓቱ ደረጃም አንድ ወይም ሁለት ከሆነ ኤክሴል ይበቃል። የሚያስቸግረው አንድ ግብዓት በብዙ ምርት ውስጥ ሲገባ ነው። ያው የማግ ክር ለነጠላውም ለድርቡም ብርድ ልብስ ሲያገለግልና ለእያንዳንዱ ምርት የተለየ ገጽ ሲኖር፣ ሁለቱም ገጾች ያንኑ 360 ኪሎ ክምችት ይቀንሱታል፤ በወረቀት ላይ 720 ኪሎ ያለ ይመስላል፤ ትእዛዙም በ360 ኪሎ ያንሳል። የሁሉም ምርቶች ጥቅል ፍላጎት ተደምሮ ካለቀ በኋላ ክምችቱ አንድ ጊዜ ብቻ መቀነስ አለበት፤ ሶፍትዌሮች ይህን የሚያደርጉት ለእያንዳንዱ ግብዓት በዝርዝሩ ውስጥ የሚገኝበትን ዝቅተኛ ደረጃ መዝግበው ከላይ ወደ ታች በተራ በማስላት ነው።

ሶፍትዌር ከመግዛት በፊት አንድ ምርት መርጦ፣ የግብዓት ዝርዝሩን ከሸማኔውና ከስፌት ኃላፊው ጋር በሚዛንና በሜትር እንደገና ለክቶ፣ የእነዚያን ግብዓቶች ክምችት ቆጥሮ፣ ለአንድ ሩብ ዓመት ከነባሩ አሠራር ጎን ማስኬድ ይሻላል። በየሳምንቱ መጨረሻ ሁለት ነገር ይመዘገባል፦ መርሐ ግብሩ ካዘዘው ብዛት ውስጥ በሳምንቱ የወጣው ስንት ነው፣ ያልወጣው ደግሞ በየትኛው ግብዓት ወይም ማሽን ምክንያት ቀረ። የሻጩ ባለሙያ ሶፍትዌሩን ሊያሳይ ሲመጣ ይህ መዝገብ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥና ሥርዓቱ በእነዚያው ቁጥሮች ተሞክሮ ይታይ።